ወደ ሮካ ብሩሃ በጀልባ ወይስ በመኪና? ከጓደኞች ጋር ለአንድ ቀን የሰርፍ ጉዞ የንጽጽር መመሪያ

በኮስታ ሪካ ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ጓናካስቴ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ሆቴልም ሱቅም የሌለበት ረጅም የፓስፊክ ዳርቻ አለ፤ ፕላያ ናራንሆ ይባላል። ፊት ለፊቱ ከባሕሩ ውስጥ ብቻውን ቀጥ ብሎ የወጣ ግዙፍ ድንጋይ ስላለ፣ በሰሌዳ ላይ ቆመው ማዕበል የሚጋልቡት የዓለም ሰርፈሮች ቦታውን የሚያውቁት በድንጋዩ ስም፣ ሮካ ብሩሃ ብለው ነው። ከዚያ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በዚያው ጠረፍ ላይ፣ ኦሊስ ፖይንት የሚባል ሌላ ዝነኛ ማዕበል አለ። ወደ እርሱ የሚያደርስ የመኪና መንገድ የለም።

ለአንድ ቀን ወደዚህ አካባቢ ለመሄድ ያሰቡ ጓደኛሞች ሦስት ምርጫ ይቀርብላቸዋል፦ ወደ ናራንሆ በጀልባ፣ ወደ ናራንሆ በመኪና፣ ወይም ወደ ኦሊስ ፖይንት በጀልባ። ለአንዳንድ ቡድን ከሦስቱም የሚሻል አራተኛ ምርጫ አለ፤ እመጣበታለሁ።

ውሳኔው ብዙ ጊዜ ከመካከላቸው ሰርፊንግ በደንብ ለሚችለው ሰው ይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስለ ማዕበሉ የሚያውቀውና ጉዞውን ያነሳሳው እርሱ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ውሃ ውስጥ የማይገባው ጓደኛ ነው ባይ ነኝ። ዋናተኛው የትም ቢወስዱት ቀኑን ያገኘዋል። ዋና የማይችለው ግን አንዱን ምርጫ ሲወስድ ሙሉ ቀን ይደሰታል፣ ሌላውን ሲወስድ ከስድስት ሰዓት በላይ በምትዋልል ጀልባ ላይ ታስሮ ይውላል። በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ያደገ ሰው ዋና ሳይማር ማደጉ የተለመደ ነገር ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ ከተሞች ተሰባስበው ወደ ኮስታ ሪካ ለሚጓዙ የአገራችን ልጆች ይህ ጥያቄ የመጀመሪያው መሆን አለበት።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች፣ ሰዓቶች ሁሉ ግን በእኛ አቆጣጠር ናቸው። እንዲያውም አቆጣጠራችን ለዚያ አገር ይመቻል። ናራንሆ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛል፤ ይህም በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር መካከል ያለው ኬክሮስ ነው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ ቀደም ብላ ትወጣለች፣ ማታም 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች።

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ

ወሩ ሳይታወቅ በጀልባና በመኪና መካከል ማወዳደር ትርጉም የለውም፤ በክረምት ከሦስቱ ምርጫዎች አንዱ ከእጃችሁ ሊወጣ ይችላልና።

የጓናካስቴ በጋ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ድረስ ይቆያል። በእነዚህ ወራት ፓፓጋዮ የሚባለው ብርቱ ነፋስ ይነግሣል። ከካሪቢያን በኩል የሚመጣው ነፋስ በኒካራጓ ሐይቅ ዙሪያ ባለው ዝቅተኛ ቦታ ውስጥ ተጨናንቆ ያልፍና ፍጥነት ጨምሮ በፓስፊክ በኩል ይወጣል። ናራንሆ ላይ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ስለሚነፍስ የማዕበሉን ፊት ከታች ወደ ላይ ይደግፈዋል፤ ማዕበሉ ሳይፈራርስ ረዘም ላለ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ፊቱም ልሙጥ ይሆናል። ሰርፈሮች ቦታውን የሚያመልኩት ለዚህ ነው። የነፋሱ ሌላ ገጽታ ግን ብዙም አይነገርም። ላይኛውን የባሕር ውሃ ገፍቶ ስለሚወስድ ከሥር ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል፤ በጥርና በየካቲት በሐሩር አገር ባሕር ውስጥ በብርድ መንቀጥቀጥ ይመጣል። እጅጌ ያለው ስስ የሰርፍ ልብስ መያዝ ተገቢ ነው። ጀልባዋንም ነፋሱ ከጎን ስለሚመታት ጉዞው እርጥብና አድካሚ ይሆናል።

ትልልቁ ማዕበል የሚመጣው በሌላው ወቅት ነው። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በደቡብ ንፍቀ ክበብ ክረምት ነው። በዚያ በሩቁ የደቡብ ውቅያኖስ የሚነሱ ማዕበሎች በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዘው እዚህ ይደርሳሉ። ችግሩ ያኔ የጓናካስቴም ክረምት መሆኑ ነው። ዝናቡ በግንቦት ይጀምራል፤ በመስከረምና በጥቅምት ይበረታል፤ ወደ ናራንሆ የሚወስደው መንገድም ብዙ ጊዜ ለመኪና ይዘጋል።

እኔ ብጠየቅ ሚያዝያን እመርጣለሁ። መንገዱ ገና ደረቅ ነው፣ ነፋሱ ለስለስ ማለት ጀምሯል፣ የደቡቡ ማዕበልም መምጣት ጀምሯል። ጥንቃቄ የሚፈልገው የካቶሊኮች የሕማማት ሳምንት ነው፤ ዘንድሮ መቼ እንደሚውል አረጋግጡ። በዚያ ሳምንት የአገሬው ሕዝብ በሙሉ ወደ ባሕር ዳርቻ ስለሚወርድ መኪናም ማረፊያም ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በጀልባ ወደ ናራንሆ

ጀልባዎቹ በብዛት የሚነሱት ከፕላያስ ዴል ኮኮና ከአጎራባቾቹ ዳርቻዎች ነው፤ ከኮኮ እስከ ናራንሆ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከታማሪንዶም መሄድ ይቻላል፣ ግን የባሕሩ ጉዞ በጣም ይረዝማል። ዋጋው በሰው ሳይሆን በጀልባ ስለሆነ አምስት ወይም ስድስት ሆነው ሲሄዱ ለእያንዳንዱ ይቀላል። ሁለት ብቻ ከሆናችሁ ግን ወጪው ይከብዳል።

የጀልባው ትልቁ ጥቅም ሰዓት ነው። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስታችሁ ፀሐይ ሳትከርር ውሃ ውስጥ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ካፒቴኑ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ያውቃል፤ ማዕበሉ አንዱ ጋ ካልጣመው ወደ ሌላው ሊወስዳችሁ ይችላል። በመኪና የሄደ ቡድን ይህ ዕድል የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ናራንሆ ላይ የጀልባ ማረፊያ የለም። ጀልባዋ ማዕበሉ ከሚሰበርበት ቦታ ወዲያ፣ ከየብስ ራቅ ብላ መልሕቅ ትጥላለች፤ ሰርፈሩ ሰሌዳውን ይዞ ውሃ ውስጥ ይዘልላል፣ እየቀዘፈም ወደ ማዕበሉ ይሄዳል። ወደ አሸዋው መውጣት የሚፈልግ ሰው በሚሰበረው ማዕበል መካከል ማለፍ አለበት። ዋና የማይችል ሰው ይህን ማድረግ አይችልም፤ ሊሞክረውም አይገባም። የሚቀረው ጀልባው ላይ መቀመጥ ነው፤ ጥላው ትንሽ ነው፣ መጸዳጃ ላይኖር ይችላል፣ የቆመች ጀልባ ደግሞ ከምትሄደው ይልቅ ሆድ ታገላብጣለች። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚጠቅመው ከመነሳት በፊት ሲወሰድ ነው፤ ከጀመራችሁ በኋላ አያድንም።

በአጭሩ ሁሉም ሰርፊንግ የሚችሉበት ቡድን በጀልባ ቢሄድ ይሻላል። አንድ ሰው እንኳ የማይችል ካለ ሌላውን ተመልከቱ።

በመኪና ወደ ናራንሆ

ናራንሆ የሚገኘው በ1971 በተቋቋመው በሳንታ ሮሳ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ከሊቤሪያ ከተማ ተነስታችሁ በፓን አሜሪካን አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን፣ ወደ ኒካራጓ ድንበር አቅጣጫ ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ትነዳላችሁ። ከፓርኩ በር አልፎ ካሶና እስከሚባለው ታሪካዊ ቤት ድረስ መንገዱ አስፋልት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ዳርቻው የሚወርደው አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ግን ድንጋይና ቦይ የበዛበት ኮረኮንች ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከፍ ያለ ፎር ዊል ድራይቭ መኪና ግዴታ ነው። መኪና ስትከራዩ የኢንሹራንስ ውሉን አንብቡ፤ ብዙዎቹ ውሎች ከመንገድ ውጭና በወንዝ ማቋረጥ የሚደርስ ጉዳትን አይሸፍኑም። መኪናው ተጣብቆ ከቀረ የሚጎትተው በቀላሉ አይገኝም፤ በሁለት መኪና መሄድ ከተቻለ መልካም ነው።

ዋናው ጉድለቱ የፓርኩ በር ነው። የሚከፈተው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ዳርቻው ላይ ስትደርሱ ጠዋቱ ተጋምሷል። የመውጫ ሰዓትም ስላለ ከሰዓት በኋላ መቻኮል ይመጣል። ስለዚህ በማዕበሉ ብዛት ብቻ ከለካን ጀልባው ያሸንፋል።

ነገር ግን ይህ መንገድ ለማይዋኘው ጓደኛ የሚሰጠውን ሌላው አይሰጥም። በእግሩ አሸዋ ላይ ይወርዳል፣ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ሰው የማይበዛበት ዳርቻ ላይ እስኪበቃው ይራመዳል። መንገዱ ራሱ ጉብኝት ነው። ጫካው በበጋ ቅጠሉን የሚያራግፍ የሐሩር ደረቅ ደን ነው፤ በመካከለኛው አሜሪካ ከዚህ ዓይነቱ ደን የተረፈው ጥቂት ነው። እዚህም ትልቁ ክፍል የከብት ግጦሽ ሆኖ ቆይቶ ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ዳንኤል ጃንዘን ከባልደረቦቹና ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ሆኖ ባለፉት አሥርት ዓመታት ደኑ እንዲመለስ ሠርቷል፤ በ1999 የጓናካስቴ የጥበቃ ክልል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተራቆተ መሬት ዳግም ደን ሲሆን በዓይን ማየት ከኢትዮጵያ ለሄደ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ነጭ ፊት ያላቸው ካፑቺን ጦጣዎችንም ልታዩ ትችላላችሁ።

ከዚያ ካሶና አለ። ካሶና የቀድሞ የከብት እርባታ ትልቅ ቤት ነው። ዊልያም ዎከር የሚባል አሜሪካዊ ወራሪ ተከታዮቹን ይዞ ኒካራጓ ከገባ በኋላ ኮስታ ሪካንም ለመያዝ ጦር ላከ። በ1856 መጋቢት ላይ፣ አብዛኛው ገበሬ የነበረው የኮስታ ሪካ ጦር እዚሁ ግቢ ላይ ገጥሞ ድል አደረገው። ዎከር በዚያው ዓመት ኒካራጓ ውስጥ ባርነትን እንደገና ሕጋዊ ያደረገ ሰው ነው፤ ስለዚህ በዚህ ግቢ ምን እንደተጠበቀ ለመረዳት አያዳግትም። ከአድዋ አርባ ዓመት በፊት የሆነ ነገር ነው፤ የአገሬው ልጆች በትምህርት ቤት ሽርሽር ሲመጡ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ኩራት እኛ እናውቀዋለን። ቤቱ በ2001 በእሳት ጋይቶ እንደገና ተሠርቷል። ወደ ዳርቻው ስትወርዱ ወይም ስትመለሱ ግማሽ ሰዓት ስጡት።

ኦሊስ ፖይንት

ይህ ለተመረጠ ቀን የሚሆን ነው። ማዕበሉ በሳንታ ኤሌና ልሳነ ምድር ሥር፣ ፖትሬሮ ግራንዴ በሚባል ባሕረ ሰላጤ ጫፍ ላይ ይሰበርና ወደ ቀኝ ረጅም መንገድ ይሮጣል። የናራንሆ ማዕበል ፈጣን፣ ጉልበተኛና በድንገት የሚዘጋ ነው፤ የኦሊስ ማዕበል ረዘምና ገራም ይላል፤ መካከለኛ ችሎታ ያለው ሰርፈር የበለጠ የሚደሰተው እዚህ ነው። ሆኖም በቂ የደቡብ ማዕበል ካልመጣ ምንም የለም፤ ባሕሩ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። በበጋ ወራት ወደዚያ ብቻ ብሎ ገንዘብ መክፈል ትርፉ ድካም ሊሆን ይችላል። ትልቅ ማዕበል በሚተነበይበት ቀን ደግሞ ጀልባዎች ሁሉ ወደዚያው ስለሚሄዱ አንዱ ማዕበል ላይ ብዙ ሰው ይሰለፋል። ከናራንሆ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ያህል ይርቃል፤ ዋና ለማይችል ሰው ደግሞ ከናራንሆ ጀልባ የተሻለ አይደለም።

ስሙ የመጣው ከአሜሪካዊው የጦር መኮንን ከኦሊቨር ኖርዝ ነው። በ1980ዎቹ በዚሁ አካባቢ ኮንትራ የሚባሉትን የኒካራጓ መንግሥት ተቃዋሚ ታጣቂዎች ለማስታጠቅ የተሠራ ምሥጢራዊ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ በ1986 ለዓለም ተገለጠ፣ በአሜሪካም የኢራን ኮንትራ ቅሌት ከሚባለው ታሪክ ጋር ተያያዘ።

በሁለቱ ማዕበሎች መካከል ናንሲቴ የሚባል ዳርቻ አለ። በዝናቡ ወራት በሺዎች የሚቆጠሩ የባሕር ኤሊዎች በአንድ ጊዜ ወጥተው እንቁላል የሚጥሉበት ስለሆነ ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው። ማንም ካፒቴን እናውርዳችሁ ቢል እሺ አትበሉ።

አራተኛው ምርጫ

ከቡድኑ ግማሹ ጀማሪ ከሆነ ሦስቱንም ትታችሁ ታማሪንዶ ዋሉ። ሩቅ አይደለም፣ ባዶም አይደለም፤ ይህን አልደብቅም። ነገር ግን የሰርፍ አስተማሪዎች አሉ፣ ሰፋፊ የጀማሪ ሰሌዳዎች ይከራያሉ፣ ወለሉ አሸዋ ነው፣ ምሳው ከኋላችሁ ነው። ችሎታ ያላቸው ጓደኞች ደግሞ ከወንዙ አፍ ማዶ ወዳለው ፕላያ ግራንዴ በትንሽ ጀልባ ተሻግረው ጠንከር ያለ ማዕበል ያገኛሉ። ወንዙን በዋና አትሻገሩ፤ አዞ አለበት።

ናራንሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ለሚቆም ሰው ማሳየት ፍቅር አይደለም። ማዕበሉ ወደ ዳርቻው ተጠግቶ በኃይል ስለሚሰበር አንገትና ትከሻ ይጎዳል፤ ቀኑም በፍርሃት ያልፋል።

ውሃው

ናራንሆ ላይ የነፍስ አድን ሠራተኛ የለም። የአደጋ ጥሪው በመላው ኮስታ ሪካ 911 ነው፤ ነገር ግን ስልካችሁ መስመር ያገኛል ብላችሁ አትተማመኑ። ሆስፒታሉ ያለው ሊቤሪያ ነው፤ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ወይም በዚያ ባሕር አልፎ ነው የሚደረሰው። ይህ ሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

ሰውን በብዛት የሚገድለው ወደ ጥልቁ የሚስበው ጅረት ነው። ማዕበሉ ወደ ዳርቻ የገፋው ውሃ ተመልሶ የሚወጣበት ጠባብ መንገድ አለ፤ ከላይ ሲያዩት በሁለት ነጫጭ የማዕበል መስመሮች መካከል የተረጋጋ ውሃ ይመስላል። መግባት የሚመቸው እዚያ የመሰለው ሰው ይወሰዳል። የተወሰደ ሰው ወደ ዳርቻው ፊት ለፊት መታገል የለበትም፤ ጉልበቱን ቆጥቦ ተንሳፍፎ፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ወደ ጎን እየዋኘ ከጅረቱ መውጣት፣ ከዚያ በማዕበሉ እየታገዘ መመለስ አለበት። ዋና የማይችል ሰው ውሃው ከጉልበቱ በላይ እንዳይደርስ ቁርጥ ውል ግቡ። ጓደኛ ተወሰደ ብሎ ባዶ እጁን ዘልሎ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሟች ይሆናል፤ ሰሌዳ ወይም የሚንሳፈፍ ነገር ያዙ።

ናራንሆ ላይ ወንዞችና ረግረጎች ወደ ባሕሩ በሚገቡበት ቦታ አዞ ስላለ ከአፋቸው ራቁ። በጥልቀት አልባው አሸዋ ውስጥ ደግሞ ጅራተ መርዝ የሆነው ስቲንግሬይ የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ ይተኛል፤ እግር እያነሱ ከመርገጥ ይልቅ እየጎተቱ መሄድ ያባርረዋል። ከወጋ ቆዳ የማያቃጥል ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ሕመሙን ያበርዳል።

ስንቅ በተመለከተ ብዙ አልልም። የሚጠጣ ውሃ ናራንሆ ላይ አይገኝም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ አራት ሊትር ያዙ። ቆዳችን ጠቆር ማለቱ ከፀሐይ አያድንም፤ ባሕር ላይ ብርሃኑ ከታችም ይመለሳል። ሚያዝያ ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል ለሚጾሙ ደስ የሚል ነገር አለ፦ ጋዮ ፒንቶ የሚባለው ሩዝና ጥቁር ባቄላ የአገሩ የዘወትር ቁርስ ነው፤ ያለ እንቁላልና ያለ ክሬም ብላችሁ ሌሊቱን አስጠቅልሉት። ቆሻሻችሁን ሁሉ ይዛችሁ ተመለሱ።

ለየትኛው ቡድን የቱ

ሁላችሁም ሰርፊንግ የምትችሉ፣ አምስት ወይም ስድስት ሰው፣ በበጋ ከሆነ፦ ከኮኮ በጀልባ ወደ ናራንሆ። ሰኔ ወይም ሐምሌ ከሆነና ጥሩ የደቡብ ማዕበል ከተተነበየ፦ ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚያሳይ ጀልባ ተዋዋሉ፤ ካፒቴኑ እንደ ባሕሩ ሙላት የቱ ይቅደም የሚለውን ይወስን። የማይዋኙና የሚዋኙ የተደባለቁበት ቡድን በበጋ፦ ያለ ጥርጥር በመኪና። ማዕበሉ ላይ ሁለት ሰዓት ታጣላችሁ፤ ቀኑን ግን አብራችሁ ታሳልፋላችሁ፤ የተሰባሰባችሁትም ለዚያ ይመስለኛል። ያው ቡድን በክረምት ከሆነ ታማሪንዶ ይሻለዋል፣ ወይም ሰርፈሮቹ በጀልባ ሄደው ማታ ይገናኙ።

ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያ ከሆነ፣ የአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖራችሁም እንኳ፣ የመግቢያ ደንቡን ከኮስታ ሪካ ቆንስላ ጠይቁ። ትኬት ስትቆርጡም ሊቤሪያ የሚለው የጓናካስቴ ከተማ እንጂ የምዕራብ አፍሪካው አገር አለመሆኑን ተመልከቱ። ለፓርኩ መግቢያ አስቀድሞ መክፈልና የመንገዱን ሁኔታ በዋዜማው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ተዘግቶ ሊያድር ይችላል።

በጀልባ ለመሄድ ከወሰናችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ካፒቴኑን እነዚህን ጠይቁት፦ በፓርኩ ክልል ለመሥራት ፈቃድ አለህ ወይ? የመንሳፈፊያ ጃኬት ለሁላችን ይበቃል ወይ? የመገናኛ ሬዲዮ አለ ወይ? ጥላና የሚጠጣ ውሃ አለ ወይ? እኛ ውሃ ውስጥ ስንሆን አንተ ጀልባው ላይ ትቆያለህ ወይስ አብረኸን ሰርፊንግ ትወጣለህ? ነፋሱ በርትቶ ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘባችን ይመለሳል ወይስ ቀን ይለወጥልናል? የመጨረሻውን መልስ በጽሑፍ ተቀበሉ።